ዘይቱ ውሃን አልጠላም

ጎመን ስታጥቡ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ቅጠሉን ከቧንቧ ሥር አውጥታችሁ ስታራግፉት ውሃው ላዩ ላይ አይዘረጋም። ተሰብስቦ ክብ ጠብታ ይሆናል። ቅጠሉን ዘንበል ስታደርጉት ጠብታው እንደ ብይ ይንከባለላል። መንገዱ ላይ ሌላ ጠብታ ካገኘ ዋጥ ያደርገዋል። ያለፈበት ቦታ ደግሞ ደረቅ ነው።

ልጅ ሆኜ ይህን እያየሁ ብዙ ደቂቃ እቆም ነበር። በኋላ ኬሚስትሪ ስማር ያንን ጠብታ ማንም አላነሳውም። ኤች ቱ ኦ ብለን ሸመደድን፣ ፈተና ላይ ጻፍን፣ ረሳን። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጠብታው ለምን እንደሚንከባለል የገባው ሰው ሳሙና እንዴት ቅባት እንደሚያስለቅቅ፣ አይብ ለምን እንደሚረጋ፣ የሰውነታችን ሴል እንዴት ሳይፈርስ እንደሚቆም ከዚያው ተነስቶ መረዳት ይችላል። ስለዚህ ከጠብታው እንጀምር።

የውሃ ሞለኪውል ሦስት አቶም ነው፤ አንድ ኦክስጅንና ሁለት ሃይድሮጅን። ቀጥ ብለው አልተሰለፉም። ቅርጻቸው ባላ እንጨት ይመስላል። ኦክስጅኑ መገንጠያው ላይ ነው፤ ሃይድሮጅኖቹ ሁለቱ ጫፎች ላይ። በክንዶቹ መካከል ያለው አንግል 104.5 ዲግሪ ነው። አቶሞቹን አንድ ላይ የያዟቸው በጋራ የሚጠቀሙባቸው ኤሌክትሮኖች ናቸው። በጋራ ይባል እንጂ ክፍፍሉ እኩል አይደለም። ኦክስጅን ጉልበተኛ ነው፣ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ይስባል። ኤሌክትሮን ኔጋቲቭ ስለሆነ የኦክስጅኑ ወገን ትንሽ ኔጋቲቭ ይሆናል። የተነጠቁት ሃይድሮጅኖች ትንሽ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። እያንዳንዷ የውሃ ሞለኪውል እንግዲህ እንደ ባትሪ ድንጋይ ሁለት ወገን አላት።

ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይሳሳባሉ። የአንዷ ሃይድሮጅን የጎረቤቷን ኦክስጅን ይይዛል። ይህ መያያዝ የሃይድሮጅን ትስስር ይባላል። አንዷ ሞለኪውል በአንድ ጊዜ እስከ አራት ጎረቤት ልትይዝ ትችላለች። ትስስሩ ደካማ ነው። ቆይታው የሰከንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ገደማ ነው፤ ይለቅና ወዲያው ሌላ ይይዛል። ግን አንድ ጠብታ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ከሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ይበልጣሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ጋ ቃል በቃል ይሠራል።

የጎመን ቅጠል ላዩ በስስ ሰም የተሸፈነ ነው። ሰም ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም ወገን የለውም፤ ለውሃ የሚዘረጋው እጅ የለም። ስለዚህ ውሃው እርስ በርሱ ይሳሳብና ይሰበሰባል። ሲሰበሰብ ትንሹን ገጽታ የሚሰጠው ቅርጽ ክብ ነው። ብይ የሆነው ለዚህ ነው። ባሕር ዛፍ ሥሩ ያገኘውን ውሃ ያለ ፓምፕ አናቱ ድረስ የሚያደርሰውም በዚሁ መያያዝ ነው። ከቅጠሉ የተነነችው ሞለኪውል ከኋላዋ ያለችውን ትስባለች፣ ያቺም ሌላዋን፣ እንዲህ እያለ እስከ ሥር።

ሙቀትም ላይ ይኸው ነው። ብረት ድስት ምድጃ ላይ ብትጥዱ ወዲያው ይግላል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ግን ይዘገያል። ሙቀቱ መጀመሪያ ትስስሮቹን ማላላት አለበት። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ አዲስ አበባ ላይ እስኪፈላ 72 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል። (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 100 አይደርስም። ባቄላ አልበስል ብሎ የሚያስመርረን ለዚህም ጭምር ነው። ዋሽንግተን ያለች እህታችሁ በግማሽ ሰዓት በሰለልኝ ያለችው እናንተ ጋ ቢዘገይ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።) ያንኑ ውሃ ሙሉ በሙሉ ለማትነን ግን ከ540 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይጠይቃል። ከሰባት እጥፍ ይበልጣል። ወጥ ቶሎ ይፈላል፣ ውሃው እስኪመጥ ግን ትዕግስት ይፈጃል፤ ወጥ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ላብ የሚያቀዘቅዘን በዚህ ነው። የሚተነው ውሃ ያን ሁሉ ሙቀት ከቆዳችን ላይ ይዞ ይሄዳል። የሸክላ እንስራም እንዲሁ ነው። ሸክላው ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውሃው ወደ ውጭ ያዛል፣ ይተናል፣ ውስጥ የቀረው ይቀዘቅዛል። እንስራው ላይ እጃችሁን ብታሳርፉ የሚሰማችሁ እርጥበት የእንስራው ላብ ነው።

ውሃ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አብዛኛው ነገር የማያደርገውን ያደርጋል። በረዶ ሲሆን ሞለኪውሎቹ አራት አራት ጎረቤት ይዘው ተራርቀው ይቆማሉ። ስለዚህ በረዶ ከውሃ ይቀላል፣ ይንሳፈፋል። ሚኒሶታ ያሉ ወገኖቻችን በክረምት ሰዎች ሐይቅ ላይ መኪና ሲነዱ የሚያዩት ለዚህ ነው። በረዶው ከላይ ብርድ ልብስ ይሆናል፤ ሥሩ ያለው ውሃ 4 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል፤ ዓሣው ይከርማል። በረዶ የሚሰምጥ ቢሆን ሐይቁ ከሥር ጀምሮ በቀዘቀዘ ነበር።

አሁን ወደ ርዕሱ። ጨው ውሃ ውስጥ ይጠፋል፣ ዘይት ግን ይንሳፈፋል። የጨው ቅንጣቶች ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ስለሆኑ ውሃው ከበብ ከበብ አድርጎ አንድ በአንድ ይለያቸዋል። ስኳርም ብዙ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን እጆች ስላሉት ከውሃ ጋር ይያያዛል። ዘይት ግን እንደ ሰም ነው፤ የሚይዙት ወገን የለውም። ሰው ሲጣላ "ዘይትና ውሃ ሆኑ" እንላለን። ኬሚስትሪው ግን ጥል የለበትም። ዘይቱ ውሃን አልጠላም። ዘይት ከገባ ዙሪያውን ያለው ውሃ እንደ ልቡ መያያዝ ያቅተዋል፤ አጥር ሠርቶ ለመቆም ይገደዳል። የዘይት ጠብታዎቹ አንድ ላይ ሲሰበሰቡ አጥሩ ያንሳል፣ ውሃው ነጻ ይወጣል። ዘይቱን የሚያሰባስበው ውሃው ነው። ይህን አጥብቃችሁ ያዙት፤ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ግማሹ እዚህ ላይ የቆመ ነው።

ሁለቱን የሚያስታርቅ ሞለኪውል አለ? አለ። አንዱ ጫፉ ውሃ የሚወድ፣ ሌላው ውሃ የሚሸሽ የሆነ። ሳሙና እንዲህ ነው። ከሳሙና በፊት ደግሞ አያቶቻችን እንዶድ ነበራቸው። የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲታሽ አረፋው ይነሳል፣ ነጠላና ጋቢ ያነጣል። ውስጡ ያለው ሳፖኒን የሚባል ሞለኪውል ነው። የስኳር ጫፉ ውሃውን ይይዛል፣ ቅባት መሰሉ ጫፍ ደግሞ እድፉ ውስጥ ይሰካል። ውሃው ሲደፋ እድፉም አብሮ ይሄዳል።

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ትል የሚያድገው እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። አጣቢዎቹ ሳያስቡት በሽታውን እየተዋጉ ነበር። ዶ/ር አክሊሉ ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት ሠሩበት፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይህን ታሪክ ለተማሪ ሁሉ በየክፍሉ ብንነግር ደስ ይለኛል።

ልብስ የሚያነጣ ነገር ቀንድ አውጣ ለምን ይገድላል? የሴል ሽፋንም የተሠራው በዚያው ሕግ ስለሆነ ነው። የእያንዳንዱ ሴል ሽፋን ፎስፎሊፒድ ከሚባሉ ሞለኪውሎች የተሠራ ነው። ራሳቸው ውሃ ይወዳል፣ ሁለት ጭራዎቻቸው ውሃ ይሸሻሉ። ውሃ ውስጥ ስትጨምሯቸው ማንም ሳያዛቸው ይሰለፋሉ። ጭራ ለጭራ ገጥመው፣ ራሳቸውን ወደ ውሃው አዙረው፣ ሁለት ንብርብር ይሠራሉ። ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው። ውሃው ራሱ ገፍቶ ያቆመው ግድግዳ ነው። ስስነቱም ይገርማል፤ የአንድ ወረቀት ውፍረት ለማከል 20,000 ያህሉ መደራረብ አለባቸው። ሳፖኒን እዚህ ግድግዳ ውስጥ ሲሰካ ያናጋዋል፣ ሴሉ ያፈሳል።

ግድግዳው ቅባት ስለሆነ ጨውና ስኳር እንዲሁ አያልፉትም። በር ያስፈልጋቸዋል። በሮቹ ፕሮቲኖች ናቸው። ትንሹ አንጀታችን ላይ ያለው አንዱ በር ልዩ ባሕርይ አለው፤ ሶዲየምና ግሉኮስ አብረው ሲመጡ ይከፈታል። ሶዲየም የጨው ግማሽ ነው፣ ግሉኮስ ስኳር ነው። ሁለቱ ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። ለተቅማጥ በፓኬት የሚሰጠው፣ በውሃ የሚበጠበጠው ኦ.አር.ኤስ የሚሠራው በዚህ ነው። ተቅማጥ ላይ ላለ ሕፃን ውሃ ብቻ መስጠት የማይበቃው፣ ጨውና ስኳሩ በልክ የሚመጠነው፣ ለዚህ በር ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ህንድ ውስጥ ባለ አንድ የስደተኞች ካምፕ ኮሌራ ገብቶ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ ዶ/ር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጠው ቤተሰቦች እንዲያጠጡ አደረጉ። ከመቶ ታማሚ 30 ገደማ ይሞት የነበረበት ቦታ ወደ 4 ወረደ። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ ልክ አትቀንሱ። ሲወፍር ውሃውን ከሰውነት ወደ አንጀት መልሶ ይስበዋል፣ ልጁን ይጎዳዋል።

ስኳር ካነሳን ወደ ሊጡ እንሂድ። ግሉኮስ በሺህ የሚቆጠር ሆኖ እንደ ዶቃ ሲሰካ ስታርች ይሆናል። የጤፍ፣ የስንዴ፣ የድንች ዋና ስንቅ ይሄ ነው። ስታርች ጥፍጥፍ ብሎ በታሸገ ቅንጣት ስለሚቀመጥ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፍረውም። ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ብትበጠብጡ ቆይቶ ከሥር ይዘቅጣል። ሲሞቅ ግን ቅንጣቱ ይላላል፣ ውሃ ይገባበታል፣ ያብጣል፣ ይወፍራል። አብሲት ይሄ ነው። ከተቦካው ሊጥ ቀንሰን በውሃ አፍልተን፣ ሲወፍር መልሰን እንቀላቅላለን። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ እንደ ስንዴ ሊጥ ተለጥጦ አየር የሚይዝ መረብ አይሠራም። ያበጠው ስታርች ያን ሥራ ይተካል። እርሾው ያመረተውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝለታል፤ ምጣድ ላይ ሲሰፋ ጋዙ እየወጣ ዓይኑን ይከፍታል። አብሲቱን ማን እንደጀመረው ስሙ አልተጻፈም። እኔ ግን ያቺ ሴት ትልቅ ኬሚስት ነበረች ብዬ አምናለሁ።

ስታርቹን መልሶ ወደ ስኳር የሚሰብረው ኢንዛይም የሚባል ፕሮቲን ነው። አንድ ቁራሽ ዳቦ ሳትውጡ ደቂቃ ያህል አላምጡ፤ መጣፈጥ ይጀምራል። ምራቃችሁ ውስጥ ያለው አሚሌዝ ዶቃውን እየበጠሰ ነው። ገብስም ይህንኑ ኢንዛይም ያመርታል፣ ግን ሲበቅል ነው። ብቅል የምናበቅለው ለዚህ ነው። እህሉን አርሰን ስናስነቃው ለቡቃያው ስንቅ ሊፈታ ኢንዛይሙን ያዘጋጃል። ያኔ አድርቀን እናስቆመዋለን። ጠላ ስንጠምቅ ያ ኢንዛይም የእንኩሮውን ስታርች ስኳር ያደርገዋል፣ እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮል ያደርገዋል።

አንድ የሚደንቅ ነገር ልጨምር። የለበሳችሁት ነጠላ ከምን ተሠራ? ከጥጥ። ጥጥስ? ከሞላ ጎደል ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስስ? ግሉኮስ፣ ያው የእንጀራው። ልዩነቱ አሰካኩ ብቻ ነው። ሴሉሎስ ውስጥ ዶቃዎቹ አንዱ ቀና፣ አንዱ ግልብጥ እያሉ ይሰካሉ። ስለዚህ ክሩ ቀጥ ይላል፤ ክር ለክር ይጠጋል፤ በሃይድሮጅን ትስስር ተቆላልፎ ውሃ ራሱ አይፈታውም። ነጠላ ስታጥቡት የማይሟሟው ለዚህ ነው። የእኛ ኢንዛይም ይህን አሰካክ አይቆርጠውም። የላም ሆድ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ግን ይቆርጡታል። እኛ ሣር በልተን መኖር የማንችለው፣ ላሟ የምትችለው፣ በአንድ ግልባጭ ምክንያት ነው።

ቅባት ላይ ብዙ አልቆይም። ጠዋት ጠዋት ቅቤ ዕቃው ውስጥ ደርቆ ይገኛል፣ የኑግ ዘይት ግን ያው ፈሳሽ ነው። የቅቤ ጭራዎች ባብዛኛው ቀጥ ያሉ ናቸው፤ እንደ ችቦ ጥብቅ ብለው ይታሰራሉ። የኑግ ጭራዎች ጎባጣ ናቸው፤ ጎባጣ እንጨት ችቦ አይወጣውም። ቅባት ውሃ ስለማይዝ ቀላል ስንቅ ነው። በግራም 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፣ ስታርች 4። የግመል ሻኛ ውስጥ ያለውም ውሃ አይደለም፣ ይሄው ስብ ነው።

ፕሮቲን ግን ያስቆማል። እሱም ዶቃ ነው፤ ዶቃዎቹ ግን 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ናቸው። አንዳንዱ ውሃ ይወዳል፣ አንዳንዱ ይሸሻል። ክሩ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃ ሸሹዎቹ ወደ ውስጥ ይደበቃሉ፣ ወዳዶቹ ላዩ ላይ ይቀራሉ፤ ክሩ ተጠቅልሎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል። ሥራው ቅርጹ ላይ ነው። ሙቀት ወይም አሲድ ቅርጹን ያፈርሰዋል። እንቁላል ሲቀቀል የሚነጣው የተጠቀለሉት ክሮች ተፈትተው እርስ በርሳቸው ስለሚተበተቡ ነው፤ ቢቀዘቅዝም አይመለስም።

አይብ ላይ በደንብ ይታያል። የወተት ዋናው ፕሮቲን ኬዚን ነው። ትኩስ ወተት ውስጥ የኬዚን እንክብሎች ላያቸው ኔጋቲቭ ስለሆነ ይገፋፋሉ፣ ተበትነው ይንሳፈፋሉ። ወተቱ ነጭ የሚመስለው በነሱም ጭምር ነው። ሲረጋ ባክቴሪያዎች አሲድ ያመርታሉ፤ አሲዱ ያን ኔጋቲቭ ያጠፋዋል። መገፋፋቱ ይቀራል፣ መጣበቅ ይጀመራል። ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራውን ለስለስ ባለ እሳት ስናሞቀው እንክብሎቹ ጭምቅ ይላሉ። አጓቱ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ይለያል፣ አይቡ ነጭ ሆኖ ይሰበሰባል። እሳቱ ሲበዛ ጭምቀቱ ይበዛል፣ አይቡ ፍርፍር ይላል። እናቶች "አትንኩት፣ ቀስ ይበል" የሚሉት ትክክል ነው።

አንድ ዶቃ ብትሳሳትስ? ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢን ውስጥ አንዱ ክር 146 አሚኖ አሲዶች አሉት። ስድስተኛው ውሃ ወዳዱ ግሉታሚክ አሲድ ነው። አንዳንድ ሰዎች ሲወለዱ እዚያ ቦታ ላይ ውሃ የሚሸሸው ቫሊን ተተክቶ ይወለዳሉ። ላዩ ላይ የቀረው ውሃ ሸሽ ዶቃ መደበቂያ ይፈልጋል። ኦክስጅን ሲያንስ ከሌላ ሄሞግሎቢን ጋር ይለጠፋል፣ ያም ከሌላው፤ ረጅም ዘንግ ይሆናል። ቀይ የደም ሴሉ እንደ ማጭድ ይቆለመማል፣ ቀጭን የደም ሥር ውስጥ ይቀረቀራል። ሲክል ሴል የሚባለው ሕመም ይሄ ነው። ያ ሁሉ ስቃይ ጎመኑ ላይ ካየነው ሕግ ነው የሚነሳው።

የዶቃዎቹን ቅደም ተከተል የሚይዘው ዲ.ኤን.ኤ ነው። ሁለት ክር ተጠማዞ፣ መሃሉ ላይ በፊደል የሚጠሩ አራት ዓይነት ሞለኪውሎች ይገጣጠማሉ፤ ኤ ከቲ በሁለት የሃይድሮጅን ትስስር፣ ጂ ከሲ በሦስት። ሲፈለግ እንዲከፈት ደካማ፣ በብዛቱ ደግሞ ጽኑ ነው። ቅርጹ በ1953 እ.ኤ.አ. በዋትሰንና በክሪክ ይፋ ሲሆን ትልቁን ማስረጃ የሰጠው የሮዛሊንድ ፍራንክሊን ሥራ ነበር። በአንድ ሴላችን ውስጥ ያለው ቢዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ቤታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ግማሽ ሙዝ ፍጩ። ግማሽ ስኒ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት። አረፋ ሳታስነሱ አሥር ደቂቃ ቀስ አድርጋችሁ አማስሉ። ሳሙናው እንደ እንዶዱ የሴሎቹን ሽፋን ይበትናል። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ወደ ብርጭቆ አጥልሉት። ከፋርማሲ የገዛችሁትን አልኮል ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዛችሁ፣ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ በጎኑ በቀስታ አንቆርቁሩት፤ ከላይ ይቀመጣል። እሳት አጠገብ አይሁን፣ ልጆችም እንዳይቀምሱት። ዲ.ኤን.ኤው ላዩ ኔጋቲቭ ስለሆነ እስካሁን ውሃው ይዞታል። አልኮሉ ጋ ሲደርስ ግን የውሃው ጉልበት ይደክማል፣ የጨው ሶዲየም ይጠጋውና ኔጋቲቩን ይሸፍነዋል። ያኔ ሁለቱ ፈሳሾች የተገናኙበት ቦታ ላይ ነጭ ነገር ብቅ ይላል። መጀመሪያ ደመና ይመስላል፣ ከዚያ ክር ክር ይላል። በስንጥር ብታዞሩት ይጠመጠማል።